ሲሰሙት ግጥም የሚያስጀምር ቢት፦ የደብረ ማርቆስ ልምዴ

ራፐር ቤቴ መጥቶ ቢት (ግጥሙን የሚያወርድበትን ቅንብር) ሳሰማው የማየው ከንፈሩን ነው። «አሪፍ ነው ወንድሜ» ብሎ ጭንቅላቱን የነቀነቀልኝ ሁሉ ይዞት አይሄድም። ይዞት የሚሄደው፣ ቢቱ አራተኛው ባር (አራት ምት የሚይዝ የሙዚቃ ክፍል) ላይ ሳይደርስ ከንፈሩ መንቀሳቀስ የጀመረው ነው። ድምፃውያንም እንደዚሁ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ከጀመሩ የሥራው ግማሽ አልቋል። ዝም ብለው የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ቢቱ ራሱ እየዘፈነ ነው ማለት ነው፤ ለእነሱ የቀረ ነገር የለም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በተከራየሁት ክፍል ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ፣ በትንሽ ኪቦርድና በሄድፎን ለራፐሮችና ለድምፃውያን ቢት እሠራለሁ። ከከተማው ልጆች ሌላ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቢቸና፣ ከዳንግላ፣ አንዳንዴም ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከአዲስ አበባ ርቀው፣ ስቱዲዮ ሳይኖራቸው፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ከፍተው መሥራት ለጀመሩ ልጆች ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ትምህርት አብዛኛው ለእንግሊዝኛ ራፕ የተዘጋጀ ነው። ኪክና ስኔር (የድራሙ ወፍራምና ስል ምቶች) እንዴት እንደሚደረደሩ በደንብ ያሳያል፤ በላዩ ላይ አማርኛ የሚናገር ሰው ምን እንደሚፈልግ ግን አይነግርም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአዝማሪ ነው። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ቤት ማታ ማታ የሚጫወቱ፣ ሁላችንም «አያ» እያልን የምንጠራቸው ማሲንቆ ተጫዋች አሉ። ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጣቸው እጃቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስንኙ እየተነገረ ሳለ ማሲንቆው አይቆምም፤ ይቀጥናል እንጂ። አንድ ድምፅ ላይ ይዘገያል፣ ወይም ደጋኑ ጭራውን ዳሰስ እያደረገ ብቻ ያልፋል። ስንኙ ቤት መትቶ ሰው ሲስቅ ወይም «ወይ ጉድ!» ሲል ማሲንቆው ከፍ ብሎ ዜማውን ያወጣል። ከዚያ እሳቸው ስንኙን ተቀብለው ሲዘፍኑት እንደገና ዝቅ ይላል። እንዴት እንደሚመጥኑት ስጠይቃቸው፣ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ወግ ነው ብለው ነው የመለሱልኝ። ስለ ቢት ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚበልጥ ምክር አላገኘሁም።

ወደ ኮምፒውተሩ ሳመጣው ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ዋናውን ዜማ በማሲንቆም ይሁን በፒያኖ ከሠራሁ በኋላ፣ በአራቱ ባር ውስጥ የት የት ላይ እንደሚናገር አያለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገር ከሆነ እቆርጠዋለሁ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ባር ለድምፁ ይለቃል፤ ሁለተኛውና አራተኛው ባር ጫፍ ላይ ይመልሳል። ቨርሱ (ራፐሩ ግጥሙን የሚያወርድበት ክፍል) ላይ ኪክና ስኔር፣ ባስና አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ አስቀርና ሙሉውን ዜማ ለመግቢያና ለሁክ (ለሚደጋገመው አዝማች) አቆየዋለሁ። እንዲህ የተሠራ ቢት ለብቻው ሲሰማ ጎዶሎ ይመስላል። መምሰልም አለበት፤ ጉድለቱ የዘፋኙ ቦታ ነው።

ይህን ባዶ ቦታ ሳይሞሉ መተው ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ደንበኛው ጓደኞቹን ይዞ ሲመጣና ጓደኞቹ «ትንሽ ነገር ጨምርበት» ሲሉ። ያኔ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ማይኩን አስይዘውና አንድ ቨርስ እንዲልበት አደርጋለሁ። ድምፁ ከገባ በኋላ «ጨምር» የሚለው ንግግር በራሱ ይቀራል። ደንበኛ በሌለበት ደግሞ የምፈትነው በራሴ ድምፅ ነው። ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ቢቱ ላይ አወራለሁ፤ ግጥም ባይሆንም ግድ የለም፣ በቃሌ የማውቀውን ተረትና ምሳሌ እየደረደርኩ እቀጥላለሁ። ከዚያ ቀረጻውን ስሰማ ንግግሬ የተደናቀፈበትን ወይም ዜማውን ለማሳለፍ ዝም ያልኩበትን ቦታ አገኛለሁ። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ድምፅ ይወጣል።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣ፤ አማርኛ ቢት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። ግጥማችን የራሱ ልክ አለው። የወል ቤት 6 በ6 ሆኖ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (በፊደል ሳይሆን በአነጋገር የሚቆጠር የቃል ክፍል) ይይዛል። ሰንጎ መገን 5 በ5፣ በድምሩ 10 ቀለም ነው። ቡሄ በሉ 4 በ4፣ 8 ቀለም። ራፐሮቻችን ቀለም ቆጥረው አይጽፉም፤ ግን ጆሯቸው በሠርግ ዘፈን፣ በፉከራና በቀረርቶ ስላደገ ስንኛቸው ሳያስቡት ወደዚህ ልክ ይሳባል። እንግዲህ አንድ ባለ 4/4 ባር በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲከፈል 16 ቦታ አለው። የወል ቤት ስንኝ ለአንድ ቀለም አንድ ቦታ እየያዘ ሲገባበት 12ቱን ይሞላና 4 ይተርፋል። አራት ቦታ አንድ ሙሉ ምት ነው፤ ለትንፋሽ የሚበቃው ይኸው ነው። ሰንጎ መገን ሲሆን 6 ይተርፋል፤ ያኔ ራፐሩ ቃል መሳብ፣ መዘግየት፣ መጫወት ይችላል።

ከዚህ የተነሳ የባሩን አራተኛ ምት ንጹሕ አድርጌ እይዘዋለሁ። ስኔሩ እዚያ ላይ ይመታል፤ ከኋላው ግን የሚንጣጣ ሃይ-ሃትም (የድራሙ ሳህን) ሆነ ወደሚቀጥለው ባር የሚንሸራተት ባስ አላስቀምጥም። ሌላም ምክንያት አለው። የአማርኛ ግስ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ቤት የሚመታውም እዚያው ነው። ትርጉሙና ምቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፉ የባሩ ጫፍ በሌላ ድምፅ ከተሸፈነ ሰሚው ስንኙን ሙሉ ለሙሉ ያጣዋል። ወርቁ ያለው መጨረሻው ቃል ላይ በሆነበት ቅኔያዊ ስንኝ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

ከምሠራላቸው ልጆች አንዱ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ነበር። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ አገር ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ልጅ ራፕ ውስጥ ብታገኙ አትደነቁ። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ሲጥል ወዲያው ወደሚቀጥለው አይሮጥም፤ ሰሚው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ ይጠብቃል። በቅኔ ጉባኤ ጥሩ ቅኔ ሲቀርብ «ይበል!» ይባላል፤ እሱም ለዚያ «ይበል» የሚሆን ጊዜ ቢቱ ውስጥ እንድተውለት ነው የሚጠይቀኝ። አሁን ለማንኛውም ራፐር በየስምንት ባሩ መጨረሻ ግማሽ ባር ያህል ኪኩንም ባሱንም አነሳለሁ። ጠንካራውን ስንኝ እዚያ ላይ እንዲያሳርፈው አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ቦታው እንዳለ ካወቀ የሚጽፈውም ለእሱ ብሎ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ወጣቶቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ 140 ቢፒኤም (በደቂቃ 140 ምት) ነው፤ ትራፕና ድሪል የለመዱት በዚያ ስለሆነ። አልከለክልም፤ ግን ሒሳቡን አሳያቸዋለሁ። በ90 ቢፒኤም 16 ባር ወደ 43 ሰከንድ ይወስዳል፤ በ140 ወደ 27 ሰከንድ ይወርዳል። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። «አልተመለሰችልኝም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ 8 ቀለም አለው፤ ከ16ቱ ቦታ ግማሹን ይወስዳል። በ140 በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ልበለው ቢል ምላሱ ይተሳሰርበታል፤ ስለዚህ ወይ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፣ ወይ ሦስት በሦስት እያደረገ ይለዋል። ሦስት በሦስት ሲሆን አንዱ ባር 12 ቦታ ይኖረዋል፤ የወል ቤት ስንኝ ልክክ ብሎ ይሞላዋል። ልጆቻችን ይህን አካሄድ ቶሎ የሚይዙት በዚህ ይመስለኛል፤ በችክችካ፣ ማለት በ6/8 ምት ያደገ ጆሮ ሦስት በሦስት አይከብደውም። ችግሩ ትንፋሽ ነው፤ ባሩ ሙሉ ስለሆነ የሚያርፍበት የለም። ለእንዲህ ያለው ራፐር ሁለት ባር ተናግሮ በሦስተኛው ጥቂት እንዲያርፍ፣ ዜማውም እዚያ ላይ እንዲመልስ አድርጌ ነው የማቀናብረው። ገና የሚጀምር ልጅ ከሆነ ግን ከ85 እስከ 95 ባለው ውስጥ እንዲጀምር እመክራለሁ። ቃሉ ይሰማል፤ እሱም ምን ማለት እንደሚችል ያውቃል።

ለድምፃውያን ሲሆን ትልቁ ጉዳይ ቅኝት፣ ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱት የዜማ ሉፖች (እየተደጋገሙ የሚሄዱ የተዘጋጁ ቁርጥራጮች) በአብዛኛው ባለ ሰባት ድምፅ ማይነር ናቸው። የእኛ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፋና ሲ ፍላት የሉበትም። የወረደው ሉፕ ግን ሁለቱንም እየደጋገመ ይመታል። ትዝታ ለምዳ ያደገች ልጅ እንዲህ ዓይነት ቢት ሲከፈትላት ድምፅዋ ይዋልላል፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ከታች ያለው ድምፅ ወደማታውቀው ቦታ እየጎተታት ነው። ስለዚህ ሉፕ ከመጠቀሜ በፊት ከአምስቱ ድምፅ ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ኖታ አወጣለሁ፤ የማይወጣ ከሆነ ሉፑን እተወዋለሁ።

ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይም ቁጥብ ነኝ። ለትዝታ ማይነር ባሱ በዶ፣ በላ ፍላትና በሶል ላይ ቢመላለስ ይበቃል፤ ከላይ ዶና ሶልን አንድ ላይ ይዞ መቆየት ለድምፁ ሰፊ ሜዳ ይሰጠዋል። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ጨለም ላለ ራፕ የምወደው ቅኝት ነው፤ ሬ ፍላቷ ብቻዋን ስሜቱን ትሸከመዋለች። ባቲ ለሁክ ይደምቃል። አንቺሆዬ ግን ከባድ ነው፤ በኮርድ ላደርገው ስሞክር መልኩ ይጠፋል። ስለዚህ ከባስና ከከበሮ በላይ ምንም ሳልጨምር ዜማውን ለድምፃዊው እተወዋለሁ።

ቁልፉን፣ ማለት ቅኝቱ የሚነሣበትን ድምፅ፣ የምመርጠው ከዘፋኙ ድምፅ ተነሥቼ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ለራሱ ድምፅ ነው የሚቃኘው፤ እኛም እንደዚያ ማድረግ ይገባናል። ድምፃዊው ሩቅ ከሆነ በቴሌግራም ድምፁን ቀድቶ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ሳይጨነቅ የሚደርስበትን ከፍተኛ ድምፅ ይዞ እንዲያንጎራጉር ነው የምለው፤ ያቺን ድምፅ ፈልጌ የሁኩን ጫፍ እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ራፐርም ቢሆን ሲናገር ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ባሱ ከዚያ ጋር ሲስማማ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይሰማል፤ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲርቅ ይጣላሉ። ስለዚህ አንዱን ቢት አንድና ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጌ በተለያየ ቁልፍ አስቀምጥና ሁሉንም አሰማዋለሁ። የትኛው እንደሚመቸው ራሱ ወዲያው ያውቀዋል።

ስለ አገር መሣሪያ ትንሽ ልበል። ማሲንቆ ከሰው ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ውበቱም ችግሩም ይኸው ነው። ድምፃዊው እየዘፈነ ማሲንቆው በሙሉ ኃይል ከተጫወተ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገር ይመስላል። ቨርስ ላይ ካስገባሁት ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በኢኪው (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው) ሦስት ዴሲቤል ያህል እቀንሳለሁ፤ የቃሉ ጥራት የሚሰማው እዚያ አካባቢ ስለሆነ። ዋሽንት ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ብዙም አይጋጭም፤ ግን አራቱ ቀዳዳዎቹ ለተወሰነ ቅኝት ስለሚሆኑ ዋሽንተኛውን ከመጥራታችሁ በፊት ቁልፉን ወስኑ። አለዚያ ሙያተኛውን ሰው በከንቱ ታደክሙታላችሁ። ከበሮ ስቀዳ ሰፊውንና ጠባቡን ፊት ለየብቻ እቀዳለሁ፤ ሰፊው ከኪኩ ጎን ሲቆም ከየትኛውም የተገዛ ሳምፕል የበለጠ ክብደት ይሰጣል።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅ፣ ማለት ጸናጽልና የማኅሌት ከበሮ፣ ቢት ውስጥ እንዳስገባ የሚጠይቁኝ አሉ። አላደርገውም። ድምፁ ያምራል፤ ግን የሚመታው ለጸሎት ነው፤ የሰፈራችን እናቶች ያንን ድምፅ የመጠጥ ዘፈን ሥር ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። የሕዝቡ ከበሮ፣ የሠርጉና የፉከራው፣ ለሥራችን ከበቂ በላይ ነው።

ባስ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ሰሚው በምን እንደሚሰማ ነው። እዚህ አገር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በስልክና በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ነው። 50 ኸርዝ ላይ ያለ 808 (ወፍራሙ የኤሌክትሮኒክስ ባስ) በሄድፎን ደረት ይመታል፤ የስልክ ማጉያ ግን ያንን ማውጣት ስለማይችል ባሱ እንዳለ ይጠፋል። 808ቱ ላይ መጠነኛ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ ማሻከር) ስጨምርበት 100፣ 150፣ 200 ኸርዝ ላይ ተጨማሪ ድምፆች ይፈጠራሉ፤ ስልኩ የታችኛውን ባያወጣውም ጆሮ ከእነዚህ ተነስቶ ባሱን ይሰማዋል። ዝቅተኛውን ድምፅ ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት) አደርገዋለሁ። ቢት ከማስረከቤ በፊት አንድ የማውቀው የባጃጅ ሹፌር ጋር ሄጄ ሞተሩ እየሠራ እሰማዋለሁ። ኪኩ በሞተሩ ላይ ከተሰማ ሌላ ቦታም ይሰማል።

ድምፅ የሚቀዱ ደግሞ ጣሪያቸውን ያስቡ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል ቀረጻ የማይታሰብ ነው። በክረምት ድምፅ የምቀዳው ጠዋት ነው፤ ከሰዓቱን ለቅንብርና ለሚክስ (ድምፆቹን ለማመጣጠን) አውለዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ የክፍሉን ማስተጋባት በሚገባ ይቀንሳል። መብራት ስለሚጠፋ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ፕሮግራሙን አስተካክሉ፤ ድምፃዊው ጥሩ ስሜት ላይ ሳለ የጠፋ ቀረጻ ሁለተኛ አይመለስም።

ሚክስ ሲደረግ ለድምፁ ከላይ ክፍት ቦታ መተው የግድ ነው። ቢቱን ማስተር አድርጋችሁ፣ እስከ ጫፍ አስጩኻችሁ አትስጡ። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉት። ደንበኛው «ድምፁ አነሰ» ካለ ለመስሚያ የጮኸውን ኤምፒ3፣ ለሥራ ደግሞ ያልተጨመቀውን ዋቭ ፋይል (24-bit) ስጡት። ከተቻለ ኪኩን፣ ባሱን፣ ዜማውን ለየብቻ አውጥታችሁ ስጡ፤ ሌላ ስቱዲዮ ሄዶ ድምፁን የሚያስገባለት ሰው ያመሰግናችኋል።

ስለ ስምምነትም አንድ ነገር፤ ዘመድም ቢሆን፣ የሰፈር ልጅም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። ቢቱ ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ይሰጣል? ስምህ ዘፈኑ ላይ ይጻፋል? ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከገቢውም ድርሻ አለህ? በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የሙዚቃ ሥራ በሕግ ይጠበቃል። ግን ያልተጻፈ ስምምነት ይዞ መብት መጠየቅ ከባድ ነው። አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። እንዲህ ካደረግሁ ጀምሮ ከደንበኞቼ ጋር ያለኝ ወዳጅነት ሳይሻክር ዘልቋል።

ፋይሉን ስትሰይሙ «አዲስ ቢት የመጨረሻ» ብላችሁ አትተዉት። እኔ ቅኝቱን፣ ቁልፉንና ፍጥነቱን ስሙ ላይ እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ «አምባሰል፣ ሬ፣ 92»። ራፐሩ ከወራት በኋላ ሲከፍተው፣ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ሲጠራበት፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ በድምፅ መልእክት መልክ ከተቀዳ ጥራቱ ይወርዳል። ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የሠራሁትን ሁሉ የላክሁት በፍላሽ ነው። ወረቀት ላይ የተቀባዩን ስም ጽፌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ መነኸሪያ ሄጄ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሹፌር አስይዘዋለሁ። አንዱን ቅጂ ግን ሁልጊዜ ቤት አስቀርቼ ነው።